ሙያ የመረጠው ይሂድበት እንጂ የወደቀ ብቻ አይጣልበት

ባለፈው ክረምት የማኅበራችን አባላት ከግቢያችን አጠገብ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በፈቃደኝነት ሲያስተምሩ እንደ ቆዩ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ስለ ሥራው አፈጻጸም የማኅበሩ ጸሐፊ መግለጫ ስለሚያቀርብ እዚህ አንደግመውም። ዛሬ ልናነሣ የፈለግነው በመዝጊያው ቀን የቀረበልንን አንድ ጥያቄ ነው። ጠያቂው ዕድሜው 16 ዓመት የሆነ፣ 10ኛ ክፍልን የጨረሰና በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ የነበረ ልጅ ነው።

ይህ ልጅ ወደ 11ኛ ክፍል እንደማይገባና በሰፈሩ በሚገኝ አንድ ቶርኖ ቤት ተለማማጅ ሆኖ ለመግባት መወሰኑን ነገረን። እኛም ሁላችን በአንድ አፍ ተነሣንበት። አንዳችን፣ «ይህን የመሰለ አእምሮ ይዘህ ብረት ስትቆርጥ ልትኖር ነው?» አልነው። ሌላችን፣ «ሁለት ዓመት ታገሥና ዩኒቨርሲቲ ግባ፤ ብረቱ የትም አይሄድብህም» አልነው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ካዳመጠን በኋላ፣ «ጋሼ፣ እናንተው ራሳችሁ በመጀመሪያው ቀን የእጅ ሥራ ክቡር ነው ብላችሁናል። ክቡር የሚሆነው ለማን ነው?» ሲል ጠየቀን።

በዚያ ሰዓት መልስ አልነበረንም። እርስ በርሳችን ተያይተን ዝም አልን። ይህ ርእሰ አንቀጽ ዘግይቶ የመጣ መልሳችን ነው።

በቅድሚያ ራሳችንን እንመርምር። ይህች ጋዜጣ ስለ እጅ ሥራ ክቡርነት የጻፈችበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። አገር በወሬ አትገነባም፣ መሐንዲሱ ያለ በያጁ፣ ሐኪሙም ያለ ቧንቧ ሠራተኛው ምንም አይሠራም ብለናል። ነገር ግን ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት በተሰበሰብንበት ጊዜ ከመካከላችን ታናሽ ወንድሙን ወይም ታናሽ እኅቱን በፈቃዷ ወደ ሙያ ልምምድ እንድትሄድ የመከረ ሰው ፈልገን አንድም አላገኘንም። እንግዲያው ምስጋናችን ከአንገት በላይ ነበር ማለት ነው። የእጅ ሥራን ስናወድስ የኖርነው ሌላ ሰው እንዲሠራልን እንጂ የእኛ ሰው እንዲሠራው አልነበረም።

ይህ ንቀት ከእኛ አልጀመረም። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ፣ ሸክላ የምትሠራው ሴት፣ ማረሻውንም ድስቱንም ለጎረቤቱ እየሠሩ ራሳቸው «ቡዳ» እየተባሉ፣ በብዙ ቦታም ርስት እየተከለከሉና ጋብቻ እየተነፈጉ ኖረዋል። ማረሻውን የተቀበለው ገበሬ ማረሻውን የሠራውን ሰው ከቤቱ ለማስገባት ይፈራ ነበር። ሥልጣኔ ያሰቡ ነገሥታት ይህን እንቅፋት አይተውታል። አጼ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ላይ የአውሮፓ ባለ እጆችን ሰብስበው መድፍ ሲያሠሩ የአገሩ ልጆች ከእነርሱ ሥራ እንዲማሩ አድርገዋል። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የተጎተተው ሴባስቶፖል የዚያ ወርክሾፕ ሥራ ነው። አጼ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሰው ሁሉ የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑን አስታውሰው ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለዋል። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1930ዎቹ በአዲስ አበባ የተግባረ እድ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። አዋጅም ወጣ፣ ትምህርት ቤትም ተሠራ። ሆኖም ስድቡ ከአዋጁ ዕድሜው ረዘመ።

ለዚህ አሮጌ ንቀት እኛ በዘመናችን አንድ አዲስ ንቀት ጨምረንበታል። አሮጌው ንቀት በዘር ነበር፤ አዲሱ በነጥብ ነው። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት ለብዙ ዓመታት የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተማሪውን በሁለት ይከፍለው ነበር። ነጥብ የመጣለት ወደ መሰናዶ ይገባል፤ ያልመጣለት ወደ ቴክኒክና ሙያ ይላካል። የፖሊሲው አሳብ የሠለጠነ የሰው ኃይል ማፍራት እንደ ነበረ እናምናለን። ነገር ግን በየቤቱ የተሰማው ሌላ ነገር ነው። «ቴክኒክ ደረሰው» ማለት «ወደቀ» ማለት ሆነ። አንድ ቤተሰብ ልጁ መሰናዶ ሲገባ ጎረቤት ይጠራል፤ ቴክኒክና ሙያ ሲደርሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል። ያ ፈተና ዛሬ ቀርቷል፤ አስተሳሰቡ ግን አልቀረም።

አሁን ፈተናው የ12ኛ ክፍል ብቻ ሆኗል። ውጤቱንም እናውቀዋለን። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተቀምጠው ከተፈተኑት ከ890 ሺህ የሚበልጡ የ2014 የትምህርት ዘመን ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4 ሆነ። ለተወሰኑት የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ተሰጥቷቸው ገብተዋል። የቀሩት ግን ወዴት ሄዱ? ብዙዎቹ በ18 እና በ19 ዓመታቸው፣ የወደቀ የሚል ስም በጀርባቸው ተለጥፎ፣ ያ ልጅ በ16 ዓመቱ በፈቃዱ ሊገባበት ወደ ፈለገው ወርክሾፕ ተገፍተው ሄዱ። ልዩነቱ ምንድን ነው? አንዱ መርጦ፣ ቀና ብሎ ይገባል፤ ሌላው አፍሮ ይገባል። ሥራው አንድ ነው።

«ይህ ልጅ በሒሳብ አንደኛ ነው፤ እርሱ ከሚያልፉት ጥቂቶች አንዱ ይሆን ነበር» የሚለን ይኖራል። እኛም ያልነው ይህንኑ ነበር። ግን ልብ ብለን ስናየው ይህ ክርክር ንቀቱን መልሶ የሚያጸና ነው። ሒሳብ የሚችል ሁሉ ከቶርኖ ቤት ይራቅ ካልን፣ ቶርኖ ቤቱ ሒሳብ የማይችል ብቻ የሚሰበሰብበት ቦታ ይሁን ብለን ፈረድን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ «ለመለዋወጫ ዕቃ ሁሉ የውጭ ምንዛሪ ለምን እናወጣለን?» እያልን በየስብሰባው እንጮኻለን።

ከዚህም በላይ ቶርኖ የሒሳብ ጠላት አይደለም። ጫፉ እየሾጠጠ የሚሄድ ብረት ለማውጣት የሚፈልግ ሠራተኛ የሁለቱን ጫፍ ስፋትና የብረቱን ርዝመት ወስዶ ማዕዘኑን በታንጀንት ማስላት አለበት። የቡሎን ጥርስ የሚያወጣ ሰው ብረቱ አንድ ጊዜ ሲዞር መቁረጫው ስንት እንደሚጓዝ በማርሽ ሬሾ ይወስናል። ቬርኒየር ካሊፐር ይዞ የአንድን ሚሊ ሜትር ሃያኛ የሚያነብብ እጅ ሳያስብ የሚሠራ እጅ አይደለም። እኛ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለፈተና የሸመደድነውን ታንጀንት ያ ልጅ በብረት ላይ ያየዋል፤ ቢሳሳት ብረቱ ይበላሻል፤ ሲበላሽም በዓይኑ ያያል። ሕዝባችን «የተማረ ይግደለኝ» ብሎ ለትምህርት ያለውን ፍቅር ሲገልጽ ኖሯል። በማሽን አጠገብ አራት ዓመት የተማረ ሰው ታዲያ ያልተማረ ነውን?

አንድ አስቂኝ ነገር ደግሞ ከራሳችን ግቢ እናንሣ። የምህንድስና ተማሪዎቻችን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ መንፈቅ ወደ ድርጅቶች ለልምምድ ይላካሉ። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዘው፣ አንዳንዶቹም ቶርኖን በሥዕል ብቻ አይተው ይሄዳሉ። በ22 ዓመታችን ተለማማጅ ስንባል ክብር ነው፤ በ16 ዓመቱ ተለማማጅ ሲባል ግን ውርደት ነው። ይህን የሚያስረዳ ምክንያት ፈልገን አጥተናል።

ይህን ሁሉ ስንል ግን አንድ ትልቅ ነገር መርሳት የለብንም። ከእኛ በፊት በዚህ አገር የነበሩ ተማሪዎችና መምህራን «የእጅ ሥራ ለሕዝብ ልጅ» የሚለውን አሳብ የተቃወሙበት ጊዜ ነበር። በ1964 ዓ.ም. የተዘጋጀው ሴክተር ሪቪው የተባለው የትምህርት ጥናት፣ ለብዙው ልጅ አጭር መሠረታዊ ትምህርትና የተግባር ሥልጠና፣ ለጥቂቱ ደግሞ ረጅሙን የቀለም ትምህርት የሚሰጥ ዕቅድ አቅርቦ ነበር። መምህራን፣ ተማሪዎችና ወላጆች አጥብቀው ተቃወሙት። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ለተጀመረው የመምህራን የሥራ ማቆም አድማ አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር፤ መንግሥትም ዕቅዱን ለማቆም ተገደደ። ያን ጊዜ የተነሣው ጥያቄ ቀላልና ትክክለኛ ነበር፤ መዶሻው የሚሰጠው ለማን ልጅ ነው? መጽሐፉስ? ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች የራሳቸውን ልጆች ወደ መዶሻው እንደማይልኩ ሕዝቡ ያውቅ ነበር።

ያ ጥያቄ ዛሬም ሊጠየቅ ይገባል፤ ለእኛም ጭምር። ስለዚህ ሙያ ክቡር ነው የሚል ሰው ሁሉ ሦስት ነገሮችን ሊያረጋግጥ ይገባዋል እንላለን።

አንደኛው፣ ምርጫው የልጁ ይሁን። አባት ስላጣ፣ የቤት ኪራይ ስለ ጨመረ፣ ደብተር መግዣ ስለ ጠፋ ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ መረጠ አይባልም፤ ተገደደ ነው የሚባለው። ለተገደደው የሚያስፈልገው ርዳታ እንጂ ስለ እጅ ሥራ ክቡርነት የሚደረግ ንግግር አይደለም።

ሁለተኛው፣ ልምምዱ በእርግጥ ልምምድ ይሁን። ስለ ወርክሾፖቻችን እውነቱን እንናገር። በየጋራዡ «ረዳት» እየተባሉ ዓመታት የሚቆዩ ልጆች አሉ። ሥራቸው ዕቃ በናፍጣ ማጠብ፣ መፍቻ ማቀበልና ሻይ ማምጣት ነው። ውል የላቸውም። ባለሙያው ቁም ነገሩ ላይ ሲደርስ «ሂድ ሲጋራ ግዛ» ብሎ ይልከዋል፤ ነገ አጠገቤ ጋራዥ ይከፍትብኛል ብሎ ይፈራልና። በሕግ በኩል ከሆነ ነገሩ የተደነገገ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ 18 ዓመት ያልሞላው ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይና በሌሊት እንዳይሠራም ያዝዛል። የሙያ ልምምድ ውልም በአዋጁ ቦታ አለው። እኛ የጎደለን ሕጉ ሳይሆን ሕጉን ወደ ቶርኖ ቤቱ በር የሚያደርስ ሰው ነው።

ሦስተኛው፣ በሩ ከኋላው አይዘጋበት። በስዊስ አገር ከሦስት ወጣቶች ሁለቱ ያህል የግዴታ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ የሙያ ትምህርትን ይመርጣሉ። አብዛኛውን የሳምንቱን ቀን በድርጅት ውስጥ ይሠራሉ፣ አንድ ወይም ሁለት ቀን ትምህርት ቤት ይቀመጣሉ፣ ለሥራቸውም ይከፈላቸዋል። ይህ ሥርዓት የተከበረው ስዊሶች ከእኛ ይልቅ ብረት ስለሚወዱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 ባቋቋሙት የሙያ ማትሪክ አማካይነት፣ በልምምድ ያለፈ ወጣት ፈተናውን ካለፈ ወደ ተግባራዊ ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ መግባት ይችላል። በ16 ዓመቱ የመረጠው ነገር በ25 ዓመቱ እስር ቤት አይሆንበትም። እነርሱ ብዙ ድርጅትና ፋብሪካ አላቸው፤ እኛ የለንም፤ ስለዚህ ሥርዓቱን እንዳለ እንቅዳው አንልም። ነገር ግን በሩን ክፍት ማድረግ ፋብሪካ አይጠይቅም። የማታ ትምህርት አለን፤ የግል ተፈታኝ ሆኖ መፈተንም ይቻላል፤ በየትም ቦታ ሥራ የተማረ ሰው ቀርቦ የሚመዘንበት፣ በተለምዶ ሲኦሲ የምንለው የሙያ ብቃት ምዘናም አለ። እነዚህን ሦስቱን ለአንድ የቶርኖ ቤት ልጅ አገናኝቶ የሚያሳየው ሰው ግን የለም።

ስለ እኅቶቻችንም አንድ ቃል እንጨምር። ሙያ ስንል በሐሳባችን የሚመጣው ቱታ የለበሰ ወንድ ልጅ ነው። ሴት ልጅ ወደ ሙያ ስትሄድ ስፌት ወይም ጸጉር ቤት ይመረጥላታል። ስፌትም ጸጉር ሥራም ሙያ ነው፤ ነገር ግን ብየዳ ወይም ኤሌክትሪክ ልማር ያለች ልጅ የምታገኘው መልስ እኛ ለዚያ ልጅ ከሰጠነው መልስ የባሰ ነው። የምርጫ ነገር ከተነሣ ለእርሷም ይነሣ።

በመጨረሻ ወደ ልጁ እንመለስ። እርሱ እኛን አልጠበቀም፤ መስከረም ላይ ሥራ ጀምሯል። ከዝግጅት ክፍላችን ሦስት ሰዎች ባለፈው ቅዳሜ ሄደን አየነው። እጁ ግራሶ ነክቶታል። ከባለሙያው ጋር ያለው ስምምነት በቃል ብቻ እንደ ሆነ ነገረን። ባለሙያው ደግ ሰው ይመስላሉ፤ «ልጄ ነው፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?» አሉን። እኛም ወረቀት በመካከላቸው ጠብ ቢነሣ እርሳቸውንም ልጁንም እንደሚጠቅም በትሕትና አስረዳናቸው፤ እናስብበታለን ብለውናል። እናቱ ግን እኛን ሲያዩ አለቀሱ። «ልጆቼ፣ እናንተ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጣችሁ ልጄን ብረት ቤት አስገባችሁት» አሉን። እኛ እንዳላስገባነው ልንነግራቸው ፈለግን፤ አልነገርናቸውም። በክረምቱ የተናገርነውን ልጁ ከልቡ ሰምቶት እንደ ሆነ፣ ጥፋቱም ምስጋናውም ከፊሉ የእኛ ነው።

ልጁ የአሳባችን ማስረጃ እንዲሆን አንፈልግም። ቢሳካለት «አላልናችሁም?» የምንል፣ ባይሳካለት የምንረሳው ከሆነ፣ በሌላ ሰው ልጅ ዕድሜ ተከራከርን ማለት ነው። ስለዚህ ከቃል ያለፈ ነገር እንድናደርግ ለማኅበሩ አባላት እናሳስባለን።

ይኸውም በየዓመቱ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በምናዘጋጀው የምክር ቀን የፋኩልቲዎቻችንን ዝርዝር ብቻ ከምናሳይ፣ በያጁን፣ የቶርኖ ሠራተኛውን፣ አናጢውንና ኤሌክትሪሺያኑን ጋብዘን ገቢያቸውንና ችግራቸውን ራሳቸው እንዲናገሩ ይሁን። የሕግ ተማሪዎቻችን ማንኛውም ባለ ወርክሾፕና ወላጅ ሊፈርምበት የሚችል አንድ ገጽ የልምምድ ውል በቀላል አማርኛ ያርቅቁ፤ በእርሱም ላይ የሥራው ዓይነት፣ ዘመኑ፣ ክፍያው፣ በየትኛው ወር በየትኛው ማሽን ላይ እንደሚሠራና ለማታ ትምህርት የሚለቀቅበት ሰዓት ይጻፍ። የሒሳብና የምህንድስና ተማሪዎቻችን ደግሞ በሳምንት ሁለት ማታ በየወርክሾፑ ላሉ ተለማማጆች የ11ኛና የ12ኛ ክፍልን ትምህርት ያስተምሩ። በዚሁ አጋጣሚ ቶርኖ እንዴት እንደሚነሣ ከተማሪዎቻቸው ይማሩ ይሆናል።

ያ ልጅ ከእኛ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የ11ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ። ከመካከላችን አንዱ በማግሥቱ ወስዶለታል። «ክቡር የሚሆነው ለማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ግን በመጽሐፍ ብቻ መልስ መስጠት አይቻልም። መልሱ የሚታወቀው ከመካከላችን አንዱ የገዛ እናቱ ልጅ ተለማማጅ ልሁን ባለ ቀን ነው። ያን ቀን ለወንድማችን የምንናገረውን ቃል ዛሬ ለሰው ወንድም እንናገር፤ ለራሳችን የማንመክረውንም ለሌላ አንስበክ።